አልበም በራሳቸው ወጪ ለሚያወጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ግጥምና ዜማውን ራሱ ደርሶ አልበሙን በራሱ ወጪ የሚያወጣ ድምፃዊ ስለ ክሊፑ አብዝቶ ይጨነቃል፤ ስለሚቀረፅበት ክፍል ግን ብዙም አይጠይቅም። ባዶ የብሎኬት ክፍል ያስተጋባል፤ አንዴ ከድምፁ ጋር የተቀረፀ ማስተጋባት ደግሞ በኮምፒውተር በወጉ አይጠራም። ከድምፃዊው ጀርባና ጎን የመንዝ ባና ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ መስቀል ብዙ ይረዳል፤ የቤዙን ጉርምርምታ ግን ባና አይውጠውም። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረፅ አይታሰብም።

ማሲንቆ የራሱ ጣጣ አለው። ቆዳው እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። በብርዳማ ጠዋት ከውጭ ገብቶ ወዲያው ከተመታ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጂ አይገጥሙም፤ ቆርጦ መቀጠልም ዋጋ የለውም። ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ በየቅጂው መሃል ይቃኝ። ማይክራፎኑ ከቆዳው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ፤ በጣም ከቀረበ የጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይሸፍነዋል። ቀረፃው በ24 ቢት ጥራት ሆኖ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (መቅረጫው ሳያበላሽ ከሚይዘው ጣሪያ) 10 ዴሲቤል ዝቅ ቢል ይበቃል፤ ድምፁ ጣሪያውን ማለፉን የሚያሳየውን ቀዩን መብራት ማብራት ጉብዝና አይደለም።

ከአቀናባሪው ጋር፣ የሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥና የመሳሰለው መብት፣ በቃል አይተላለፍም። ሲረከቡም የተቀላቀለውን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን መሣሪያ ቀረፃ ለየብቻ፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይሁን።

የድምፅ ቀረፃ ባለሙያዎች፣ ከሰሜን ሸዋ