እማዬ፣ ባንኩን የለቀቅሁት ታምሜ አይደለም

እማዬ እንደምን ከረምሽ፣ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ይሄን በቴሌግራም የላክሁት እህቴ እንድታነብልሽ ነው (አንቺም አንባቢዋ፣ ያልጣመሽን ቦታ ዘለሽ እንዳታልፊ፣ አውቅሻለሁ)። በስልክ እንዳላስረዳሽ ገና ሥራ የሚለውን ሳነሳ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ሆዴ ይባባና ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋዋለን።

ሰው ጠልቼ አይደለም የለቀቅሁት። ዓይነ ጥላም አይደለም፣ ጠበል ሂድ ብለሽኝ ሰባት ቀን ሙሉ ተጠምቄያለሁ እኮ፣ ሰውነቴም ቀለል ብሎት ነበር፣ ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ ስቀመጥ ግን ያው ነኝ። ገበያ የዋለው ነጋዴ ብሩን በማዳበሪያ ይዞ ይመጣል፣ ሲስተም የለም ስትይው እኔ የሰረቅሁት ይመስል ይሰድበኛል፣ ከኋላው ያሉት ሴትዮ ልጃቸውን ሊድሩ ነው መሰለኝ ከድግሱ ወጪ ጀምረው ይነግሩኛል፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለው ከኪሴ ነው። ብሩ አይደለም የሚከብደኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ፈገግ ስል ውዬ ቤት ስገባ አከራዬ ደህና ዋልህ ሲሉኝ መልስ የሚሆን ቃል አጣለሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንዲሁ ተቀምጬ አመሻለሁ።

ሰው የማይበዛበት ሥራ ፍለጋ ስንቱን አየሁ መሰለሽ። መጀመሪያ ዘበኝነት አልሁ፣ ሌሊት ነው ጸጥ ያለ ነው ብዬ። አንድ ጓደኛዬ ጋ ሁለት ሌሊት አብሬው ባድር ለካ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ከዘበኛ ጋር ነው፣ ሰካራሙም ባጃጅ ሹፌሩም እንቅልፍ እምቢ ያላቸውም ሽማግሌ። ከዛ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ኮፒና ፕሪንት ቤት ታይፕ ልሥራ ብዬ ገባሁ፣ ተማሪዎቹ ሪሰርቻቸውን ይዘው ትከሻዬ ላይ ተደግፈው «እቺን ቃል ቦልድ አድርጋት» ሲሉኝ በሳምንቱ ወጣሁ።

አሁን ያገኘሁት በተማርሁት ነው፣ የሒሳብ መዝገብ። የፒያሳና የአራዳ ሱቆች ደረሰኛቸውን በፌስታል አስረው አንድ ልጅ ያመጣልኛል፣ እኔ ቁስቋም በኩል በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ እለያለሁ፣ ከሸጡበት ቫት ላይ የገዙበትን አቀናንሼ ወር በወር የሚያሳውቁትን አዘጋጃለሁ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፣ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ጣጣው ወረቀቱ ላይ ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም አይጻፍም፣ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት ነው የሚጠቁረው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ደግሞ ጽሑፉ ይደበዝዛል። አንዳንዱን መስኮት ላይ አስጠግቼ እያዘነበልሁ ነው ቁጥሩን የምለቅመው። እና እማዬ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳያናግረኝ አንድ ፌስታል ጨርሼ ሒሳቡ ሳንቲም ሳይዛነፍ ሲገጥም ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ብታዪ።

ላልዋሽሽ፣ ጡረታ የለውም፣ ነጋዴውም «ነገ» ማለት ይወዳል። አንድ ሰሞን ደግሞ ከዳቦ ቤቷ ልጅ በቀር ሰው ሳላናግር ሳምንት ሞላኝና ድምፄ ሻክሮ ስሰማው ደነገጥሁ፣ ከዛ ወዲህ የአከራዬን ቡና አልቀርም።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለሽ አልቅሰሻል አሉ። መብላቱንስ ከሰው ጋ ነው የምበላ፣ ሥራውን ነው ብቻዬን። ደሞ ከማን ተማርሁት? የቡናው ሰው ከሄደ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገሽ ባዘቶሽን ታወጭ አልነበር? እንዝርቷን ጭንሽ ላይ ሸርተት አድርገሽ ስትለቂያት፣ ክሩ እየረዘመ ሲመጣ ትንፋሽሽን ያዝ ታደርጊ ነበር፣ ሲበጠስ ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ትቀጥይዋለሽ፣ እኔ ወሬ ካበዛሁ «ዝም በል እስኪ፣ ክሬን ታስበጥሰኛለህ» ነበር መልስሽ። ያኔ ማንም ታመመች አላለሽም፣ ባለሙያ ናት ነው የተባልሽ።

ለጥምቀት ነይ። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ ፋሲል መዋኛ አብረን እንሄዳለን፣ ግፊያውን ትቼ ዳር ዳሩን እወስድሻለሁ። እንዝርትሽን ያዥ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው ግን መስኮቱ ስር ብርሃን አለ፣ አንቺ ስትፈትይ እኔ ደረሰኜን እለያለሁ። ሽሮም አልቆብኛል። ጠዋት ጠዋት ስልኬን ስለማጠፋው ከ9 ሰዓት በኋላ ደውይልኝ።

ልጅሽ