ስለ ቅዳሜው የሲሱ ጉዞ

ሰላም ጓዶች፣ ቅዳሜ ከሰሜን ህንዷ ማናሊ ተነስተን ከተራራው ማዶ ያለው ሲሱ ሸለቆ በረዶ ስናይ ውለን ማታ እንመለሳለን። መነሻው ሆቴሉ በር ላይ፣ ጠዋት በሀበሻ 1 ሰዓት ነው፤ በህንዱ 7። እባካችሁ የሀበሻ ቀጠሮ እንዳይሆን፤ ከረፈደ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል።

የምናልፈው ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፈው የመኪና መንገድ፣ በአታል ዋሻ ነው፤ ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪከፈት ድረስ በተራራው አናት የሚያልፈው የሮህታንግ መተላለፊያ በበረዶ ሲዘጋ ሲሱ ያለበት የላሃውል አካባቢ ሰው ለወራት ተቆርጦ ይቀር ነበር። ዋሻው ውስጥ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ሹፌሩን አታስጨንቁት። ሌሊቱን ብዙ በረዶ ከጣለ ፖሊስ ሊመልሰን ይችላል። ያኔ ከዋሻው ወዲህ ያለው ሶላንግ ሸለቆ እንውላለን፤ እሱም አያስከፋም።

የበረዶ ቱታና ቦቲ መንገድ ላይ ይከራያል። ቦቲውን ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን ከታችሁ ውስጡን ዳብሱት። የትናንቱ ተከራይ አርጥቦት ከሆነ ቀኑን ሙሉ እግራችሁ ሲደነዝዝ ይውላል። ትርፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ የፀሐይ መነጽር፣ ፓስፖርትና ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አስም ያለባችሁ አስቀድማችሁ በውስጥ ንገሩኝ።

የምትሄዱ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ታክሲ የምንይዘው በቁጥራችን ልክ ነው። ጾመኞችም አብራችሁ ጥቀሱ፤ ሩዝና ምስር አይጠፋም።