ጡረታችን የቤት ኪራይ ሲሳይ እንዳይሆን፦ ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የሥራ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ የ46 ሰው ፔሮል የሚያልፈው በእጄ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም አንድ የደመወዝ ወረቀት ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ደመወዟ 12,000 ብር ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት 2,250 ብር ይቆረጥባታል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጇ የሚገባው 8,910 ብር ነው። ኮዬ ፈጬ ከጓደኛዋ ጋር ስቱዲዮ ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ድርሻዋ 3,500 ብር ነው። አከራዩ ሊጨምር ነው። ጣቷን 840ው ላይ አድርጋ «ጋሼ፣ ይቺ ብትቀርልኝ እኮ ጭማሪውን ትሸፍንልኝ ነበር» አለችኝ።

ድርጅቱም በስሟ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር እንደሚከፍል ነገርኳት። ደምረን አየነው፤ በወር 2,160 ብር። ትንሽ ዝም አለችና «የት ነው ያለው? ላየው እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። «እንግዲያ ላም አለኝ በሰማይ ነዋ» ብላ ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች።

በነገራችን ላይ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይቀነስ ከሙሉው ደመወዝ ላይ ነው። ልጅቷ እጇ ላልገባው 840 ብርም ግብር ከፍላለች። ይህን አልነገርኳትም።

ጡረታ ይቅር ብዬ አይደለም የምጽፈው። የግል ድርጅት ሠራተኛን ጡረታ ያስጀመረው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከመውጣቱ በፊት የግል ድርጅት ሠራተኛ እንዴት እንደሚያረጅ አይቻለሁ። ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛና አሠሪ የሚያጠራቅሙት የስንብት ቁጠባ) ካለበት ጥቂት ድርጅት በስተቀር፣ ሰው 30 ዓመት ሠርቶ በአንድ የስንብት ደብዳቤ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አዋጁ ሲመጣ እኔም «ደመወዛችን ላይ ደግሞ ሌላ ቅነሳ» ብዬ አጉረምርሜያለሁ። ዛሬ ሳስበው ተሳስቼ ነበር። ያ ቅነሳ ባይኖር ኖሮ አንዳችንም በራሳችን አንቆጥብም ነበር።

ነገር ግን ጡረታው የታሰበው ቤት ላለው ሰው ይመስላል።

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት ሕይወታቸውን ሙሉ በግል ድርጅቶች ሾፌር ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ የወጡት በ2016 ነው። የግል ሠራተኛው ጡረታ የተጀመረው በ2003 ስለሆነ የተቆጠረላቸው አገልግሎት 13 ዓመት ብቻ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። አማካይ ደመወዛቸው 6,000 ብር ነበር። ሲሰላ 2,025 ብር ሆነ። የሚኖሩባት አንድ ክፍል ሰርቪስ ኪራይዋ 3,500 ብር ነው። ልዩነቱን ለመሙላት ዛሬ ማታ ማታ አንድ ግቢ ይጠብቃሉ። በ62 ዓመታቸው ማለት ነው። ቤት ቢኖራቸው ኖሮ 2,025ቷ ብር ብታንስም የዳቦና የዘይት ትሆናቸው ነበር።

የእኔም ሒሳብ ከእሳቸው ብዙ አይርቅም። 60 ዓመት የምሞላው በ2030 ነው። ያኔ 27 ዓመት አገልግሎት ይኖረኛል፤ 51.25 በመቶ። ደመወዜ በግማሽ ይቀነሳል። ኪራዩ ግን ጡረታ አይወጣም።

ቤት ለማግኘት አልሞከርኩም እንዳይባል በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤያለሁ። 20/80 (20 በመቶው በቁጠባ፣ ቀሪው በባንክ ብድር)፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ በወር 561 ብር። ያኔ ከመንጋቱ በፊት ተሰልፈን ነው የተመዘገብነው። በአምስት ዓመት 20 በመቶውን ትጨርሳላችሁ ተባልን፤ ጨረስን። የሐምሌ 2014ቱ ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ተሰረዘ። ኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣ ስሜን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ አልነበረም። ስመዘገብ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ነበረች፤ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ነው። የቁጠባ ደብተሩ አሁንም ኮሜዲኖው ውስጥ አለ።

እንግዲህ አንድ ሠራተኛ በአንድ እጁ ለጡረታ፣ በሌላ እጁ ለቤት እየቆጠበ፣ በመሀል ኪራይ ይከፍላል። ሁለቱ ቁጠባዎች ደግሞ አይተዋወቁም። የምለምናችሁ እንድታስተዋውቋቸው ነው።

«ገንዘቡን አውጥታችሁ ስጡን» የሚል ሐሳብ ሰምቼ አውቃለሁ። እኔ አልደግፈውም። የእኛ ጡረታ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው የተቀመጠበት ካዝና አይደለም፤ ዛሬ የምንከፍለው ገንዘብ የዛሬዎቹንም ጡረተኞች ያበላል። ሲንጋፖር ውስጥ ሠራተኛው የራሱ ሒሳብ አለው። ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮም ከዚያው ቤት ይገዛል። ቤቱን ሲሸጥ የወሰደውን ከነወለዱ ወደ ሒሳቡ ይመልሳል። ግን እዚያ ሠራተኛና አሠሪ አንድ ላይ የሚያዋጡት እስከ 37 በመቶ ነው፤ የእኛ 18 ነው። ከዚህ ላይ ቆንጥረን ብናወጣ የእርጅናውንም የቤቱንም እናጣለን።

ለእኛ የሚቀርበው የኬንያ መንገድ ነው። እዚያ የጡረታ ፈንድ አባል እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን ድርሻውን ለቤት ብድር ዋስትና ማስያዝ ይችላል። ገንዘቡ ከፈንዱ ሳይወጣ ባንኩ ፊት ቆሞ ይመሰክርለታል። እኛ ባንክ ስንሄድ የምንጠየቀው ማስያዣ ነው። ቤት የሌለው ሰው ቤት ለመግዛት ምን ያስይዛል? የ15 ዓመት የጡረታ መዋጮ ግን አለው። ይህ ሰው ለ15 ዓመት አንድም ወር ሳያጓድል የከፈለ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ዋስ ይፈለጋል?

ሌላው ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለረጅም ዓመታት የፈንዱ ዋና ማረፊያ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የሰነዱ ወለድ አጠገቡም አልደረሰም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ፈንዱ ሌላ ትርፋማ ሥራ ላይ እንዲውል በር ከፍቷል። በዚያ በር መጀመሪያ የሚገባው ቤት ይሁን። የገበያ ሕንጻና ሆቴል ሳይሆን፣ መዋጮ ከፋዩ በረጅም ጊዜ ውል የሚከራየው መኖሪያ ቤት። ኪራዩ ተመልሶ ፈንዱ ውስጥ ይገባል። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ የሁለት ዓመት ውል ይላል፤ ባልደረባዬ ግን ውል የላትም። አከራዩ «ውል ከፈለግሽ ሌላ ቤት ፈልጊ» ብሏታል። አከራዩ የራሷ የጡረታ ፈንድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይላትም ነበር።

ከሁሉም በፊት ግን ገንዘባችንን እንየው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ድርጅት 7 በመቶዬን በየወሩ እየቆረጠ ለ14 ወር ሳያስገባ ቀርቷል። ያወቅኩት ከለቀቅኩ በኋላ ነው። የደመወዝ ወረቀቶቼን በፌስታል አስቀምጬ ስለነበር ተከራክሬ አስከፈልኩ። ወረቀቱን የጣለው ጓደኛዬ እስካሁን አልተሳካለትም። ባንክ 50 ብር ስትልክ ስልክህ ላይ መልእክት ይመጣል። የጡረታ መዋጮ በየወሩ ሲገባም፣ ሳይገባ ሲቀርም፣ በሠራተኛው ስልክ አንድ አጭር መልእክት ይላክ። ሠራተኛው ራሱ ተቆጣጣሪ ይሆንላችኋል። ይህ ቤት እንደመገንባት ዓመታት አይፈጅም።

ቀጣዩን ፔሮል የምሠራው ወሩ በገባ በ25ኛው ቀን ነው። ባልደረባዬ ወረቀቷን ስትወስድ ያንኑ ጥያቄ መልሳ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። የምነግራትን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከ2003 ጀምሮ መዋጮ ከፋይ