ሐረርን በቀን ጨርሶ ጅቡን መጠበቅ ጉብኝት ነው እንዴ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ናችሁ? የጉዞ ገፃችሁ ላይ ስለ ዓለም የድሮ ከተሞች ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምፅፈው። የጣሊያኗ ቬኒስ አለች፣ የሞሮኮዋ ፌዝ አለች፣ የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ አለች፣ እየሩሳሌም አለ፣ ፎቶውም ያምራል፣ ሐረርም መጨረሻ ላይ በሁለት አረፍተ ነገር ገብታለች፣ አንዱ ስለ ግንቡ አንዱ ስለ ጅቡ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ሹፌር ነኝ፣ ከኤርፖርት እንግዳ አንስቼ ሐረር አድርሼ መመለስ እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ሐረርን አሳነሳችኋት ብዬ አይደለም የተናደድኩት፣ የሚያናድደው አብዛኛው እንግዳ የሚያያት ሐረር እውነትም ከሁለት አረፍተ ነገር አለማለፏ ነው።

ፕሮግራሙን ልንገራችሁ። ጠዋት በአውሮፕላን ድሬ ይወርዳሉ፣ ድሬን በመስኮት አይተው የደንገጎን ዳገት እንወጣለን፣ ሐረማያ ጋ ሀይቁን ፎቶ ያነሳሉ (ያ ደርቆ ከብት ሲግጥበት የነበረው ሀይቅ ነው፣ አሁን ተመልሶ ውሃ ይዟል ተመስገን)፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያውን ከመኪና ሳይወርዱ ቪዲዮ ይቀርፃሉ፣ ከዛ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር። ሸሪፍ ሙዚየምን ሮጥ ሮጥ ብለው ያያሉ፣ ራምቦ ቤት ሰልፊ፣ መኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ) ላይ አንድ ሻሽ ይገዛሉ፣ ምሳ። ከዛ በኋላ ምን ይስሩ? "ጅቡ ስንት ሰዓት ነው?" የሚል ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀረው፣ እስኪመሽ ድረስ መኪናዬ ውስጥ ኤሲ አስከፍተው የሚተኙ አሉ ወላሂ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሐረር እረፍት ላይ ናት። ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው፣ ባለሱቁ በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፣ ፀሐዩ ግንቡን አግሎታል፣ መንገዱ ላይ ፍየልና ህፃን ብቻ ነው የሚታየው። የኛ እንግዳ ደግሞ ከተማዋን የሚያያት በዚሁ ሰዓት ነው። ድንኳኑ እየተነቀለ ሰርግ ቤት ደርሶ ሰርጉ ቀዝቃዛ ነበር እንደማለት ነው። ሲመሽ መኪናው ይሰለፋል፣ ፋኖስ ይበራል፣ ጅቡ ስጋውን ይቀበላል፣ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ ከዛ ወደ ድሬ፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በነጋታው ጠዋት ነው። በቃ "ሐረርን አየሁ" ተባለ።

ጅቡ ላይ ቂም የለኝም፣ እሱም እንደኔ የቱሪስት እንጀራ ነው የሚበላው። ግን ማን እንደሆነ እንኳን ሳይነገራቸው ነው የሚሄዱት። ግንቡ ስር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ሆን ተብሎ የተሰራ መሆኑን፣ ሌሊት ገብቶ የሰፈሩን ትርፍራፊ ጠርጎ እንደሚወጣ፣ በአሹራ በዓል ደግሞ ገንፎ በቅቤ ተሰርቶ እንደሚቀርብለትና አበላሉ ታይቶ ስለ መጪው ዓመት እንደሚነገር፣ ይሄን ማን ያወራላቸዋል? ሹፌሩ፣ ከሰሙት።

አሁን ወደ ቬኒስ ልውሰዳችሁ። ቬኒስ በቀን ጎብኚ ተማራ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት መግቢያ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች፣ በ2025 ዘግይቶ ለሚመዘገብ 10 አደረገችው። ልብ በሉ፣ የሚከፍለው በቀን መጥቶ በቀን የሚመለሰው ነው፣ ከተማዋ ውስጥ አልጋ ይዞ የሚያድር ይሄን አይከፍልም፣ እሱ በሆቴሉ በኩል የራሱ ቀረጥ አለው። ለምን ቢባል የቀን ጎብኚ መንገዱን ሞልቶ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ ከቤቱ የያዘውን ሳንድዊች በልቶ ቆሻሻውን ጥሎ ነው የሚሄደው። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ 175 ሺህ ገደማ ሰው የነበረባት አሁን ከ50 ሺህ በታች ወርዳለች። ዱብሮቭኒክም ያው ነው፣ ግንቧ 1940 ሜትር ነው፣ ላዩ ላይ ለመሄድ ከ30 ዩሮ በላይ ይከፈላል፣ ከውስጥ ግን ነዋሪው እየወጣ ቤቱ ለቱሪስት የሚከራይ አፓርታማ ሆኗል። የኛ ግንብ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የሐረር ገዢ የነበረው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሰራው፣ እና ውስጡ እስከ ዛሬ ሰው ይወልዳል፣ ይዳራል፣ ይቀበራል። እነሱ ያጡትን ነገር እኛ በእጃችን ይዘን ነው የጅብ ሾው ብቻ የምንሸጠው፣ አቦ!

ማስከፈል እንጀምር እያልኩ አይደለም፣ እኛ ጋ ገና ሰው የሚለመን ጊዜ ላይ ነን። እኔ የምለው አሳድሩ ነው። ሐበሻ ደግሞ የድሮ ከተማ ውስጥ ማደርን ከማንም በላይ ያውቅበታል። ለፋሲካ እየሩሳሌም የሄዱ ዘመድ ካላችሁ ጠይቋቸው፣ አንድ ቀን አይተው ነው እንዴ የተመለሱት? ሰንብተው፣ ዴር ሱልጣን ወጥተው፣ ያቺ ከጎልጎታ ቤተክርስቲያን ጣራ ላይ ያለችውን የኛን መነኮሳት ጎጆ ጎጆ አይተው፣ በሩን በበር፣ ሰፈሩን በሰፈር ለይተው አውቀው ነው የሚመጡት፣ ከመጡም በኋላ ዓመት ሙሉ ያወሩታል። እዛ አስር ቀን የሰነበተ ሰው ሐረር ሲመጣ አራት ሰዓት ይበቃኛል የሚለው ምን ሆኖ ነው?

የሐረር ሰዓት ጠዋት ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሸዋ በር ግቡ፣ ገጠር የመጡ ሴቶች ከሰልና ቅጠሉን፣ ወተቱን፣ ማንጎውን ይዘው ተደርድረዋል፣ ቁልቁል ስትወርዱ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ገና መዝጊያቸውን እየከፈቱ ነው፣ በእግር የሚረገጠው የስፌት ማሽን አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፣ ጨርቁን እዚያው ከጎረቤት ሱቅ ገዝታችሁ ብትሰጡት ተሰፍቶ ትወስዱታላችሁ። ፈጢራ በማር ይበላል። ሆጃ የሚቀመስበት ቤት ካገኛችሁ እንዳያመልጣችሁ፣ የቡና ገለፈት በወተት ነው፣ አንዳንዱ እንግዳ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሁለተኛውን ግን ራሱ ይጠይቃል። 48 ሄክታር ላይ 82 መስጊድና 102 አዋች (የቅዱሳን መቃብርና መዘየሪያ) ያለበት ከተማ ነውኮ፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግበው ያስቀመጠው ቁጥር ነው፣ በካርታ አይሄድም፣ እየጠፉ ነው የሚሄዱት፣ ብትጠፉም ከግንቡ አትወጡም። በሩን ብቻ ያዙ፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ እነዚህ አምስቱ ናቸው የጥንቶቹ፣ መኪና የሚገባበት ሐረር በር በጃንሆይ ጊዜ የተጨመረ ነው።

ፌዝ ላይ ያያችሁት ያ ጠባብ መንገድ፣ ያ አህያ ሲመጣ ሰው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት፣ ጀጎልም አለ፣ ልዩነቱ ፌዝ ላይ ሰው ውስጡ ያድራል። ለምን? የድሮውን ቤት ማደሪያ ስላደረጉት ነው። ጀጎል ውስጥም ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ ያዘጋጁ ቤተሰቦች አሉ፣ ጥቂት ናቸው፣ እና ጋይዱ ራሱ አያስታውሳቸውም። አንዴ እዛ ያደሩ እንግዶች ጠዋት ላነሳ ስሄድ ባለቤቷ ግቡ አሉኝና ቁጭ አልኩ። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ነደባው፣ መቀመጫ መደቡ ማለት ነው፣ አምስት ነው፣ ከፍታው ይለያያል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ከጥንት የተለየ ነው፣ እኔ ሹፌሩ በሩ አጠገብ ልቀመጥ ስል "አባቴ እንግዳ ነህ፣ ወደ ላይ ውጣ" አሉኝ፣ አፈርኩ። ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን ነው፣ መደቡ ቀይ አፈር የተቀባ፣ ጨለንቆ ጦርነት ላይ እ.ኤ.አ. በ1887 ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከታየ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ሙሽሮች ገብተው የሚሰነብቱባት ትንሽ ክፍልም አለች፣ ምግብ በመስኮቷ ነው የሚቀበሉት። እንግዶቹ አንዷ ፈረንጅ ነበረች፣ ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ ዝም ብላ ነበር የምታየው። ይሄን በምሳ ሰዓት አታገኙትም፣ ምሳ ሰዓት ቤቱ የቤተሰቡ ነው።

ስለ ራምቦ ቤት አንድ ነገር ልበል መቼም ከተነሳ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ፣ ግጥም መፃፍ ድሮ ትቶ ነበር፣ ቡናና ቆዳ በኋላም ጠመንጃ ነጋዴ ነበር፣ በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ። "ራምቦ ቤት" የምንለው ያ በእንጨት የተዋበ ፎቅ ግን የተሰራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ የህንድ ነጋዴ ነው ያሰራው። ይሄን እየደበቁ ማስጎብኘት ምን ይጠቅማል? ቤቱ ራሱ ያምራል፣ ባለቀለም መስታወቱና የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ብቻቸውን ይበቃሉ። እንግሊዛዊው አሳሽ በርተንም እንደዛው ነው፣ መንገዱን አረብ መስሎ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1855 እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ ገብቶ አስር ቀን ቢቆይ ነው፣ ጋይዶቻችን ግን እሱን ከአሚሮቹ በላይ ያውቁታል።

ድሬስ? ድሬን ለምን ትዘሏታላችሁ? ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ እኮ ነው እ.ኤ.አ. በ1902 እታች ከተማ የተቆረቆረው፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለው። ሁለቱ አንድ ጉዞ ናቸው። ከዚራ ፈረንሳዮቹ ያሰመሩት ቀጥ ያለ ጎዳና ከነ ዛፉ፣ የደቻቱን ወንዝ ስትሻገሩ የመጋላ ሰፈር ጥምዝምዝ፣ ከፊራ ገበያ ከነ ቅስቱ፣ ለገሃር፣ የባቡሩ ጋራዥ ከድሮ ሎኮሞቲቮቹ ጋር (ፈቃድ ጠይቃችሁ)። ደቻቱን በደረቁ አይታችሁ አትናቁት፣ ሐረር ዩኔስኮ ላይ በተመዘገበችበት በዚያው ክረምት ነው ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን። ድሬ ቀን ላይ ይሞቃል፣ ሰው የሚወጣው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ስለዚህ እሷም የምትታየው ላደረ ሰው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁ የእንግዳው ብቻ አይደለም። አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ድሬ፣ ሐረር፣ ጅብ፣ መልስ በአንድ ቀን ዋጋ ካልሰራህልኝ ብሎ ስራ ከልክሎኛል። ማታ ደክሞኝ ደንገጎን በጭጋግ ውረድ ነው የሚለኝ። ሆቴሎቻችንም ውሃ ሲጠፋ "ይመጣል" ብለው ነው የሚሸኙን፣ ይሄም እውነት ነው። የሀገር ውስጥ ጎብኚ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ካሜራችሁን ያዝ አድርጉት። የሰው በር ከፍቶ ገብቶ ቲክቶክ መስራት፣ ሴቶቹን ሳይጠይቁ ማንሳት። ጃፓን ኪዮቶ፣ ጊዮን ሰፈር ላይ ቱሪስቱ ጌይሻዎቹን (በባህላዊ ልብስ እንግዳ የሚያዝናኑትን ሴቶች) በካሜራ እየተከተለ ሲያስመርራቸው እ.ኤ.አ. በ2024 የግል መተላለፊያዎቹን ዘጉት፣ ለገባ ሰው ቅጣት አለው። ሐረሪ ትህትናው ብዙ ስለሆነ አይናገራችሁም እንጂ ደስ ብሎት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለናንተ ነው። ጋዜጠኛ ላኩ፣ ግን ሁለት ሌሊት ይደር፣ አንዱን ጀጎል ውስጥ አንዱን ከዚራ፣ የሚቻል ከሆነ ከረመዳን በኋላ ለሹዋሊድ ይምጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው፣ የስድስቱ ቀን ፆም ሲያልቅ ከተማው በዚክርና በከበሮ ሲያድር ይየው። ሐረር ውስጥ ሲዞርም የኔን መኪና ትቶ ያቺን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲ ይሳፈር፣ ሳልቀና ነው የምለው። በባቡር ከመጣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ቀድሞ ሰው ያዘጋጅ። ታህሳስ 19 ለቁልቢ ሰሞን ግን እንዳትልኩት፣ አልጋ የለም፣ እኔም ባዶ መኪና የለኝም።

አንባቢያችሁ፣ የድሬ–ሐረር መስመር ሹፌር
ድሬዳዋ፣ ከዚራ