ጠገራ ብራችንን አሽተን አናንጣው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን ጠገራ ብር ለገበያ ከማውጣታቸው በፊት በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አሽተው የሚያነጡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ይህን የሚያደርጉት ዕቃው ሲያምር ዋጋው ይጨምራል ብለው ነው። የድሮ ገንዘብ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ በገጹ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚፈጠር ነው። ሽፋኑ በረጅም ዘመን ቀስ እያለ የሚመጣ በመሆኑ ሰብሳቢው ገንዘቡ ላለመነካቱ ምስክር አድርጎ ያየዋል። ከሥሩም፣ ገንዘቡ ሲመታ ብረቱ በማተሚያው ቅርጽ ግፊት ሲፈስ የቀሩ፣ ዓይን የማይለያቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ወዙን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። አመድና የጥርስ ሳሙና እነዚህን መስመሮች ፍቀው በምትካቸው ጭረት ይተዋሉ፤ የሎሚው አሲድ ደግሞ ከብሩ ጋር የተቀየጠውን መዳብ ያጠቃል። አንድ ጊዜ የተፋቀ ወዝ በምንም ጥበብ አይመለስም።

በተለይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት የማርያ ትሬዛ ብር ጉዳይ ያሳስበኛል። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ገንዘብ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ሲመታ ምንጊዜም የሚጻፍበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ብቻ ነበር። ስለዚህ የትና መቼ እንደተመታ የሚታወቀው በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ባሉት ጥቃቅን ነጥቦችና በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባዎች ነው፤ እነዚህ ከታሹ የቀረው የብሩ ሚዛን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በፓሪስ የተመታው፣ በግእዝ ቁጥር 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የዳግማዊ ምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው፤ የአንበሳው ጎፈር ጠፍቶ ገጹ እንደ መስታወት ሲያብለጨልጭ ማየት ያሳዝናል። የድሮ ገንዘብን መርምረው የጥራት ደረጃ የሚሰጡት ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ያለ አግባብ የጸዳን ገንዘብ የቁጥር ደረጃ ነፍገው መጽዳቱን ይመዘግባሉ።

ጭቃ ወይም ቅባት ያለበትን ገንዘብ በተጣራ ውኃ ወይም ቅባት በሚያሟሟው ንጹሕ አሴቶን (ከእሳት አርቆ) ነክሮ፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ይበቃል። ሲያነሡት ጠርዙን ይያዙ፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አያስቀምጡት፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታልና። ቀድሞ የታሸውንም በጭስ ለማጥቆር ከመሞከር፣ መታሸቱን ለገዢው በግልጽ መንገር ይሻላል።

ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደለትን ወይም የተበሳውን ማጽዳት ብዙ አይጎዳም፤ እርሱ ከሰብሳቢው ገበያ አስቀድሞ ወጥቷል። የከተማችን ብር ሠሪዎች ግን ያልተበሳ ጠገራ ለማንጻት ሲመጣላቸው፣ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ይህን ለባለቤቱ እንዲያስረዱ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ