ስለ አዲሱ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ለዓይን ድርቀት የሚሆነውን የቀድሞውን ርካሽ ጠብታ መያዝ አቁመን ማቆያ ኬሚካል የሌለበትንና አፉ ላይ ማጣሪያ ያለውን በመተካታችን ብዙዎቻችሁ ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። «ዋጋው ተሰቀለ»፣ «ብልቃጡ አይጨመቅም»፣ አልፎም «ትርፍ ፍለጋ ነው» ብላችሁናል። ለደረሰባችሁ መንገላታት ይቅርታ እንጠይቃለን። የመጨረሻው ቃል ግን ስለከበደን ምክንያታችንን በዝርዝር ማስረዳት ፈለግን።

የቀድሞው ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላ ጀርም እንዳይራባበት ፈሳሹ ውስጥ ማቆያ ይጨመርበታል፤ በብዛት የሚጨመረውም ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ጠብታውን ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ እምብዛም አያሳስብም። በቀን አራት አምስት ጊዜ ለዓመታት ለሚጠቀም ሰው ግን ኬሚካሉ ራሱ የዓይንን ሽፋን እየጎዳ እንባውን ቶሎ ስለሚያደርቅ፣ ለማስታገስ የተገዛው መድኃኒት መልሶ ያቃጥላል። ማቆያውን ማውጣት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በአሜሪካ በቂ ማቆያ ሳይኖረው የተሸጠ ሰው ሠራሽ እንባ ከከባድ የባክቴሪያ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎችም ነበሩ።

የአዲሱ ብልቃጥ ጥበብ ያለው አፉ ላይ ነው። ሲጫኑት ፈሳሹ ጫፉ ላይ ቀስ ብሎ ይቋጥርና ይወድቃል፤ ጣት ሲለቀው ጫፉ ይዘጋል፣ በወጣው ፈሳሽ ፈንታ የሚገባው አየርም ተጣርቶ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲከፈት ደጋግሞ መጫን ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ከቀድሞው ይጠነክራል። አንዳንዶቻችሁ ተደፍኗል ብላችሁ እንደ ድሮው ጫፉን በመርፌ ወግታችሁ አምጥታችሁልናል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ጫፉ ከተበሳ ማቆያ የሌለውን ፈሳሽ ከብክለት የሚከላከል ምንም ነገር አይቀርም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ጠብታው ደግሞ ከነብልቃጡ ከውጭ የሚገባ ነው። አከፋፋዮችም በዱቤ ይሰጡን የነበረውን ዛሬ እጅ በእጅ ካልሆነ አይሰጡንም። ሆኖም የቀድሞው ከተከፈተ በ4 ሳምንት ይጣል የነበረ ሲሆን አዲሱ እንደ ዓይነቱ እስከ 3 ወር ያገለግላል። አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ሲሆን ዓይን የሚይዘው 30 ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ብታደርጉ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ይፈሳል። አንድ ይበቃል።

ይህን መድኃኒት ቤት የተረከብኩት ከእናቴ ነው። በእርጅናዋ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ነበረባት፤ ጣቶቿም በቁርጥማት ተይዘው ነበር። ቀና ብላ ብልቃጡን ስታነጣጥር ጠብታው ቅንድቧ ላይ፣ ከዚያም ነጠላዋ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ እኔን ለእርዳታ መጥራት ሲከብዳት አይቻለሁ። ስለዚህ የብልቃጡ ጥንካሬ እጁ ለደከመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ብልቃጡ ውስጡ ገብቶ ዓይን ዙሪያ ላይ የሚያርፍ፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ የሚጨመቅ የፕላስቲክ መያዣ አቅርበናል፤ የምንሰጣችሁም ያለ አንዳች ትርፍ በገዛንበት ዋጋ ነው። ለሁሉም ብልቃጥ ልክ ስለማይሆን ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተን ይዛችሁ መጥታችሁ ሞክሩት።

ሐኪም የቀድሞውን ጠብታ በስም ካዘዘላችሁ ከአከፋፋይ ፈልገን እናቀርብላችኋለን። በእናቴ ጊዜ የጀመራችሁ፣ ዛሬ ልጆቻችሁን የምትልኩልን ደንበኞች ባትኖሩ ይህ ቤት እስከዛሬ አይቆይም ነበር። ተቀይማችሁ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት የሄዳችሁም ብትሆኑ፣ ጠብታውን ከየትም ግዙት፣ ይዛችሁ ግቡ፤ አጠቃቀሙን በነፃ እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና ፋርማሲስት