ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻሽን አትዪ

ሚጡዬ፣

እንኳን ተወለድሽ። ልደትሽ እንዳለፈ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ስደውል "አሜን አባዬ፣ ደህና ነኝ" ብለሽ ቶሎ ዘጋሽው። ድምፅሽ ደክሞ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

እህትሽ የነገረችኝን አልደብቅሽም። እሷን እንዳትቆጪያት፤ ተጨንቃ ነው። ፊልም ስታዪ ታድሪያለሽ አለችኝ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ትከፍቻለሽ፣ ሳትተኚ ወደ ሥራ ትሄጃለሽ፣ ሰው ሲደውል አታነሺም። የምታዪያቸውም እነዚያኑ የስዊድን፣ የዴንማርክና የኖርዌይ ፊልሞች ናቸው አለችኝ። ፊልም መውደድሽ አላሳሰበኝም። ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ፤ ደስ ይለኛል። ያሳሰበኝ ሰዓቱና ብቻ መሆንሽ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻሽን አትዪ። ይህን ነገር እየደጋገምኩ እጽፈዋለሁ፤ አትሰልቺ።

ለእህትሽ የላክሽላትን ዝርዝር ተቀበልኳትና ፊልሞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳንዶቹን ድሮም አውቃቸዋለሁ። ሁሉንም ያየሁት በቀን ነው፣ መጋረጃውን ከፍቼ። ከየርዕሱ ጎን የጻፍሽውንም አነበብኩ። የምስማማበት አለ፤ የማልስማማበትም አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

"ፎርስ ማዡር" ላይ "ምንም ነገር አይፈጠርም፣ ሰው እንኳ አይሞትም" ብለሻል። ልጄ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አንድ የስዊድን ቤተሰብ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ወደ ፈረንሳይ ተራሮች ይሄዳል። ሰገነት ላይ ምሳ እየበሉ ሳለ የበረዶ ናዳ ወደ እነሱ ሲወርድ ይታያል። እናት ልጆቿን ታቅፋለች። አባት ስልኩንና ጓንቱን ይዞ ይሮጣል። ናዳው ሳይደርስባቸው ይቀራል። አባትየው ተመልሶ ይቀመጣል። የቀረው ፊልም በሙሉ የሚወጣው ከዚያች ቅጽበት ነው። መሮጡን ይቅር ማለት ይቻላል፤ ሰው ሲደነግጥ እግሩ ይቀድመዋል። እኔን ያመመኝ "አልሮጥኩም" ማለቱ ነው። ሚስቱና ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን ካደ። ሩበን ኧስትሉንድ ይህን በ2014 ከሠራ በኋላ በሌሎች ፊልሞቹ የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ሁለት ጊዜ ወስዷል። እኔ ግን ይሄኛው ይበልጥብኛል። ድጋሚ እዪው። በቀን።

"አናዘር ራውንድ"ን ወደሽዋል። እኔም ወድጄዋለሁ። አራት መምህራን በደማችን ውስጥ ሁልጊዜ 0.05 በመቶ አልኮል ቢኖር ኑሮ ይቀለናል ብለው ይነሳሉ። መጀመሪያ ላይ እውነትም ይቀላቸዋል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ተማሪው ይሰማቸዋል። ከዚያ መጠኑን ከፍ ያደርጉታል፤ በመጨረሻም አንዱን ይቀብራሉ። ከመምህራኑ አንዱን የሚጫወተውን የማድስ ሚከልሰንን የመጨረሻ ጭፈራ "ነፃነት" ብለሽዋል። እኔ እንደዚያ ማየት አልቻልኩም። ዳይሬክተሩ ቶማስ ቪንተርበርግ በ2019 ቀረጻው ገና እንደተጀመረ ሴት ልጁ በመኪና አደጋ ሞተችበት። እሷም በፊልሙ ውስጥ ልትተውን ነበር። በ2021 ኦስካር ሲቀበል ስለ እሷ ተናገረ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያን ጭፈራ ሳይ የማስበው ከካሜራው ኋላ የቆመውን አባት ነው። እንዴት ቆሞ ሠራው? ሚጡዬ፣ መኪና ውስጥ ቀበቶ እሰሪ። ከኋላ ወንበርም ብትቀመጪ እሰሪ። ሳትተኚ ያደርሽ ቀን መሪ አትያዢ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

"ዋይልድ ስትሮውቤሪስ" ለጊዜው ይቆይሽ። ኢንግማር በርግማን በ1957 የሠራው ነው። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ለክብር ከስቶክሆልም ወደ ሉንድ በመኪና ሲሄድ ያለፈ ዕድሜውን እየመረመረ ነው የሚሄደው። "ቀርፋፋ ነው" ማለትሽ አይገርምም። ለሽማግሌ ግን ቀርፋፋ አይደለም።

አሁን ወደ "ኦተም ሶናታ" ልምጣ። ልጽፍልሽ የተነሳሁት ዋናው በሱ ምክንያት ነው።

"እናትየዋ ጨካኝ ናት" ብለሽ አልፈሻታል። እንዲህ በአንድ ቃል የምትታለፍ ሴት አይደለችም። ይህንንም ኢንግማር በርግማን ነው በ1978 የሠራው። ኢንግሪድ በርግማን እናቲቱን፣ ስመ ጥሩዋን ፒያኒስት ሻርሎትን ትሆናለች። ሊቭ ኡልማን ልጇን ኤቫን ትሆናለች። ከረጅም ጊዜ በኋላ እናት ልጇን ልትጠይቅ ትመጣለች። ልጅቱ አንድ የሾፓን ፕሬሉድ፣ አጭር የፒያኖ ሙዚቃ፣ ትጫወታለች። ካሜራው ጣቷን ትቶ የእናቲቱን ፊት ያያል። ያን ፊት አይተሽዋል? እያንዳንዷን ስሕተት ትሰማለች፤ ደግሞ ታዝናለች፤ ደግሞ ትወዳታለች። ሁሉም እዚያው ፊት ላይ ነው። ከዚያ እሷ ራሷ ተቀምጣ "እንዲህ ነው" ብላ ስትጫወት፣ ኤቫ የምታያት አስተያየት አለ። ያን ጊዜ ፊልሙን አቁሜ ተነሳሁ። ኢንግሪድ በርግማን ያኔ ካንሰር ይዟት ነበር፤ በ1982 አረፈች። ለሲኒማ የሠራችው የመጨረሻ ፊልሟም ይሄ ነው።

ሌሊት ሲመጣ ሁለቱ የቆየ ቂማቸውን ሁሉ ያወጡታል። ኤቫ አርባ ዓመት ሙሉ የያዘችውን በሚመስል ንዴት ትናገራለች። እናቲቱም በመጨረሻ፣ ወላጆቿ ለፍቅርም ለቅጣትም ነክተዋት እንደማያውቁ ትነግራታለች። ይህን ሰምተሽ "ጨካኝ" ብቻ ብለሽ እንዴት አለፍሽ? ያልተሰጣትን ከየት ታምጣ?

ሚጡዬ፣ ፊልሙን ሳይ የቀናሁት በመጮኻቸው ነው። የአያትሽንና የአክስትሽን ነገር ታውቂዋለሽ። ሠርጉ ላይ የሆነውን አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። "ለእህትህ ንገራት።" "ለእናትህ እንዲህ በላት።" ልጅ እግር ነበርኩ፤ ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ እመላለሳለሁ። ቃሉን እንደተላከ አደርሳለሁ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

አያትሽ ስትታመም አክስትሽ ሥራዋን ትታ መጣች። ታጥባት ነበር። ታገላብጣት ነበር። መድኃኒቷን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣት ነበር። እጇ ሁሉን ያደርጋል፣ አፏ ግን አይከፈትም። አያትሽም ዝም ብላ ታያት ነበር። የሚሉት ነበራቸው፤ ሁለቱም ፊት ላይ ይነበብ ነበር። አንድ ሌሊት ይበቃቸው ነበር። እንደነዚያ ጮኸው፣ አልቅሰው፣ ተወቃቅሰው የሚያነጉት አንድ ሌሊት። አልመጣም። አያትሽ አረፈች፣ አክስትሽም ቀብሩ ላይ ዕንባ ከዓይኗ አልወጣም። ሰው "ጨከነች" አለ። እኔ ግን ያቺን እጅ አይቼ ስለነበር አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አክስትሽ የእናቷን ስም ስትጠራ ድምፅዋ እንደሚለወጥ አንቺም ሰምተሻል።

ምክር ልጽፍ ጀምሬ የት እንደሄድኩ እዪ። ብቻ ይህን ፊልም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብቻሽን፣ ስልክሽን ዘግተሽ አይተሽው ከሆነ እንቅልፍ ማጣትሽ አይደንቀኝም። ዳይሬክተሩ በርግማን ሰውን የሚያስጨንቅ ነገር አውጥቶ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ሲያልቅ ዞር ብለሽ "አየሽ?" የምትይው ሰው ያስፈልግሻል። የፊልሙን ሐዘን የራስሽ አድርገሽ ይዘሽው እንዳትተኚ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻሽን አትዪ።

"ሴንቲመንታል ቫልዩ"ን በአንድ ነገር ብቻ ልለፈው። የዮአኪም ትሪየር ፊልም ነው፣ በ2025 ካን ላይ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት፣ ግራንድ ፕሪን፣ ያገኘው። ስቴላን ስካርስጎርድ የሚጫወተው አባት ዳይሬክተር ነው። ለልጁ የሚለውን በአፉ መናገር ሲያቅተው ስክሪፕት ጽፎ ያመጣላታል። "ይሄ አባት ያናድዳል" ብለሻል። ያናድዳል፣ ልክ ነሽ። እኔ ግን አዘንኩለት። አንዳንድ ሰው በሌላ መንገድ መምጣት አያውቅበትም።

"ፔለ ዘ ኮንከረር" ዝርዝርሽ ውስጥ የለም። ጨምሪው። በ1988 ፓልም ዶርን፣ በዓመቱ ደግሞ ኦስካርን ወስዷል። ማክስ ቮን ሲዶው ላሰ የሚባል ድሃ ስዊድናዊ አባት ይሆናል። ትንሽ ልጁን ይዞ ሥራ ፍለጋ ወደ ዴንማርኳ ቦርንሆልም ደሴት ይሻገራል። ለልጁ ብዙ ቃል ይገባለታል። የሚደበድበውን ሰው ልበቀልልህ ብሎ ይነሳና ፊቱ ሲቆም አንደበቱ ይያዛል። ልጁ ያን ያያል፤ ግን አባቱን አይንቅም። በመጨረሻ ልጁ ወደ ዓለም ይሄዳል። አባት እርጅና ይዞት ይቀራል። ልጅ መሄድ አለበት፤ አንቺም መሄድ ነበረብሽ። አላስቀርሽም ነበር፤ አሁንም ተመለሺ አልልሽም። ብቻ ስልክ አንሺ።

እንግዲህ ስሚኝ። በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የግርጌ ጽሑፉን ለማንበብ ዓይንሽን ታጠብቢያለሽ አለችኝ እህትሽ፤ መነጽርሽ አርጅቷል። ማታ ስልክሽን ከአልጋሽ አርቀሽ አስቀምጪ፣ ድምፁን ግን አትዝጊው። አክስትሽ ዘንድ ደውዪ። ስለ "ኦተም ሶናታ" ግን እንዳታነሺባት።

ቅዳሜ "ባቤትስ ፊስት"ን አብረን እንይ። የዴንማርክ ነው፣ እሱም ኦስካር አለው። አንዲት ስደተኛ ፈረንሳዊት በሎተሪ የደረሳትን 10,000 ፍራንክ በሙሉ በአንድ ራት ላይ ታወጣዋለች። ተጋባዦቹ ስለ ምግቡ አንዲት ቃል ላለመናገር ተማምለው ነው የሚቀመጡት። ፊታቸው እየላላ ሲሄድ ማየት በጣም ያስደስታል። ያንቺን ስሜት መስማት እፈልጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እኩል እንከፍተዋለን፤ ስልኩንም አንዘጋውም። ቅዳሜ ካልተመቸሽ እሑድ ይሁን። እሑድም ቢሆን ግን በቀን ነው።

አባትሽ